የአስካለን ክር ይዤ ወደ መስቃን

ማኅበርተኞቼ፣ «አገሩ እንዴት ነበር?» እያላችሁ በየደጁ ስታስቆሙኝ ግማሹን ለአንዷ፣ ግማሹን ለሌላዋ እየነገርኩ ወሬው ተቆራረጠ። ለአንዷ ያወራሁትን ለሌላዋ ብነፍግ ደግሞ ልክ አይደለም። ሁላችሁም እኩል እንድትሰሙት ብዬ ጻፍኩት። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ መሪጌታ፣ ዳዊት እስክደግም አስተምሮኛል፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ፊደሉ ቢሳሳት አርሙት፤ ነገሩ ግን አልተሳሳተም።

የሄድኩበትን ምክንያት የምታውቁም የማታውቁም አላችሁ። ልጄ ተፈራ ወልቂጤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለ ሚስቱ መንታ ሴቶች ወልዳ በአራስነቷ ሞተች። ለቀብር ስደርስ ሕፃናቱ ከአንድ ቅርፊት እንደወጡ ሁለት ባቄላ ነበሩ። ዘይነባ የምትባል እስላም ጎረቤት የራሷ ልጅ ሞቶባት ጡቷ ሞልቶ ስለነበር ሁለቱንም ታጠባቸዋለች፤ ወተቷ ግን ለሁለት አልበቃም። እኔ አንዷን፣ አስካለን፣ አዝዬ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ወርቄ ቀረች። «ጡት ስትጥል ትመጣለች» ተባለ። ጡት ሳትጥል ልጄ ሞተ፤ ዘይነባም ባሏን ተከትላ ወደ ቡታጅራ በኩል ሄደች። ከዚያ ወዲያ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰበብ አላጣሁም። አንዱን ዓመት መንገዱ፣ አንዱን ጉልበቴ፣ አንዱን ውርጩ።

ዘንድሮ ሽማግሌዎች የተፈራን ርስት ለልጆቹ ሊያካፍሉ ሲቀመጡ የባለቤቴ ወንድም አያ ወልዴ ተነሣ። «ከቡታጅራ በርበሬ የሚያመጣው ነጋዴ ወርቄን አይቷታል» አለ። «ከአስካለ በራስ ትበልጣለች፤ ጠቆር ያለች፣ ትከሻዋ የሰፋ። መንታ እንዲህ ይሆናል? የእኛዋ በሕፃንነቷ ሞታባት ዘይነባ የሌላ ልጅ ተክታ ይሆናል። የአስካለን መሬት ለባዕድ አትክፈሉ።» ሽማግሌዎቹም ወደ እኔ ዞሩ። ከጾመ ነቢያት በፊት ሄጄ ልጅቱን እንድመለከት፣ የተፈራ ልጅ ከሆነች ማርያም ደጅ ቆሜ እንድምል፣ ካልሆነች ርስቱ ለአስካለ ብቻ እንዲጻፍ ተወሰነ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያሳደግኳት አስካለን ነው፤ ድርሻዋ እጥፍ ቢሆን የምጠላ ሴት አይደለሁም። የማልወደው በሐሰት መጥገቧን ነው።

ሰኞ ጥቅምት ውስጥ በውርጭ ተነሣሁ። ልብስ ሰፊው በአስካለ ልክ ሁለት ቀሚስ ሰፍቶልኛል፤ አንዱ ለእሷ ቀረ፣ አንዱን ለወርቄ ያዝኩ። አስካለ ደግሞ ረጅም የጥጥ ክር አመጣች። ከግድግዳ ተጠግታ ጓደኛዋን አስለክታ ቁመቷ ላይ ቋጥራዋለች፤ ከቋጠሮው በላይ ብዙ ክር ተርፏል።

«ይኼ ሁሉ ትርፍ ለምንድነው?» አልኳት።

«ምናልባት ትበልጠኝ ይሆናል። እሷን ለክተሽ ቋጥሪልኝ። በክሩ አጠገብ ስቆም አጠገቤ የቆመች ይመስለኛል።»

ልትሸኘኝ ከጨለማው ቤት ወደ ፀሐይ ብቅ ስትል እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። እኔም እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ «ይማርሽ» አልኩ። ለአንዱ ብሎ ሌላውን መዝለል አልወድም። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ አዲስ አበባ የእኅቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ስለ አዲስ አበባ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ለስለት ስትሄዱ አይታችኋታል።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ መርካቶ ሄጄ በወልቂጤው አውቶቡስ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዬን አኖርኩ። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ነጠላዬ ተነሥቶ ከረባት ያሰረ ሰው ተቀምጦበታል።

«እማማ፣ እሳቸው የመንግሥት ሰው ናቸው፤ እርስዎ ወደ ኋላ ይለፉ» አለኝ ረዳቱ።

«የመንግሥት ሰው ከሆነ መንግሥት ወንበር ይስጠው። ይኼን እኔ ነኝ ያዝኩት።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ባለ ከረባቱ አፍሮ ተነሣና ከኋላዬ ተቀመጠ። ወሊሶ ስንደርስ ሙዝ ገዝቶ ግማሹን ወደ እኔ አቀበለኝ፤ «ከእርስዎ ጋር ከተጣላሁ ወልቂጤ አልደርስም» አለ። የግብርና ሠራተኛ ነው፤ አገሩ ጎጃም፣ እናቱን ካያት አራት ዓመቱ። እስክንደርስ ያወራኝ ስለ እናቱ ነበር። ወንበሩን ባስለቅቀውም ደግ ሰው ነው።

ወልቂጤ ሙቀት ነው። በእኛ አገር ሲመሽ ሰው ወደ እሳቱ ይሮጣል፤ እዚያ ወደ ደጅ ይወጣል። ነጠላዬን አንድ እጥፍ ሳደርገው እንኳ ላብ አጠመቀኝ። ልጄ እዚህ ሙቀት ውስጥ ኖሮ «እማዬ፣ አይበርደኝም» ብሎ ሲጽፍልኝ ያን ጊዜ ሊያጽናናኝ የዋሸ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ነው።

ያረፍኩት ተፈራ ተከራይቶበት ከነበረው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አየለች የጎንደር ሴት ናት፤ ሻይ ቤት ከፍታለች። የልጄን ክፍል በር ስትከፍትልኝ የስንዴ ጆንያ ተከምሮበታል። ሚስማሩ ግን እዚያው ነው፤ ካፖርቱን የሚሰቅልበት። እጄን አሳረፍኩበትና ወጣሁ።

ረቡዕን እዚያው ዋልኩ። ጾም ነውና ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። ቆጮ ለማታውቁት፦ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ የሚጋገር ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ አፌ ውስጥ ተንከራተተ። የእኛ ገብስ ቂጣ አፍ ውስጥ ይፈረፈራል፤ ይኼ ይሳባል። በሦስተኛው ለመድኩት፣ በአምስተኛው ጨምሪልኝ አልኩ።

ስንበላ ስለ መንቶቹ አነሣሁ። አየለች ሳቀች።

«እትዬ፣ ያኔ ማን ጠብታ ማን እንዳልጠባች አልለይ ብሎን በአስካለ ቁርጭምጭሚት ቀይ ክር አሰርኩላት። በሦስተኛው ቀን ክሩ ወልቆ ፍራሽ ላይ አገኘነው። ከዚያ ወዲያ ‹ይቺ አስካለ ናት› ያልነው በግምት ነው። ምናልባት ይዘሻት የሄድሽው ወርቄን ይሆናል።»

«እንዲህ ያለውን ነገር ዛሬ ትነግሪኛለሽ?»

«ምን ልዩነት አለው? አንድ ነበሩ እኮ።»

እሷ ስቃ ረሳችው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ያቺን ቀን ሳስታውስ አደርኩ። ሁለቱ በአንድ ፍራሽ ተኝተው ነበር። አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ፤ እኔ ተጎንብሼ ለበሩ የቀረበችውን አነሣሁ። የመረጥኩት እንዲያ ነው። ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም።

ዘይነባ ያለችበትን መንደር አየለች ታውቀዋለች። ከወልቂጤ ቡታጅራ በቀጥታ መሄድ ተራራውን በበቅሎ መውጣት ነው፤ በእኔ ጉልበት አይሆንም። ሐሙስ በጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ የጭነት መኪና እስከ ዓለም ገና ሄድኩና ከመንገዱ መገንጠያ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሌላ መኪና ያዝኩ። ይኼኛው መንገድ ኮረኮንች ነው። አዋሽን ተሻግረን ብዙ ከሄድን በኋላ ቡኢ ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫውንም ባለፈው ሳምንት አፈንድቶታል። በእግር ቡኢ ገባን፤ የቀኝ እግሬ በመንገድ ተጠማዘዘ።

በመጀመሪያው ደጅ ቆሜ «የእግዜር እንግዳ» አልኩ። የቤቱ ሰዎች የሶዶ ጉራጌ ክርስቲያኖች ናቸው። የቤቱ እመቤት ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበች። ቤታቸው ክብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የሸክላ ሳህኖች እንደ ጨረቃ ያበራሉ። በእኛ ቤት ዕቃ ይደበቃል፣ በእነሱ ይታያል። ምሽቱን ከባሏ ጋር በጉራጌኛ ሲያወሩ አንድም ቃል ሳላውቅ ስለ እግሬ እንደሚጨነቁ ገባኝ። አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ ሰሌን ላይ አደሩ። «እኩል እንተኛ» ብዬ ብሟገትም ተሸነፍኩ፤ በዚህ ጉዞ የተሸነፍኩት በዚህና በሌላ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዓርብ ቡታጅራ ደረስኩ። ከተማዋ ቀይ ናት። በየደጁ፣ በየሰሌኑ በርበሬ ተሰጥቶ እየደረቀ ነው፤ አየሩ ራሱ ያስነጥሳል። እግሬ አብጦ ስለነበር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየኝ ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ አማርኛው የወሎ። እግሬን እያሰረ የመጣሁበትን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። ከአንድ ማኅፀን፣ ከአንድ ዘር የወጡ መንቶች አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር ይሆናሉ?»

«ይሆናሉ እማማ። ከእናት ከአባት የሚወረሰው ብዙ ነው፤ ሰውነት ግን የተሰጠውን ሁሉ በአንድነት አይሠራበትም። አንዱ ይከፈታል፣ አንዱ ተዘግቶ ይቀመጣል። ምግቡ፣ ረሃቡ፣ ሕመሙ፣ በተለይ በሕፃንነት፣ የትኛው እንደሚከፈት ይወስናሉ። ዘሩ አልተለወጠም፤ አሠራሩ ነው የተለወጠው። እንዴት እንደሆነ ገና እየተጠና ነው።»

«ማል ብትባል ትምላለህ?»

እጁን አቆመ። «በተማርኩት መጽሐፍ እምላለሁ፤ በዚያች ልጅ ግን አላየኋትምና አልምልም።»

ወደድኩት። የማያውቀውን የማያውቅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ቅዳሜ በጋሪ ዘይነባ ወዳለችበት ወደ መስቃን ገጠር ሄድኩ። ቀኑ ዳምኖ ነበር። መንደሩ ከሩቅ ሲታይ ቤት የለውም፤ እንሰት ብቻ ነው። ከዚያ እንሰቱ መካከል ጭስ ይወጣል፣ ቤቱም ብቅ ይላል። የእኛ መንደር ከሁለት ቀን መንገድ ይታያል፤ ይኼ እስክትገቡበት ይደበቃችኋል።

ዘይነባን ሳያት አወቅኳት። ከዐሥር ዓመት በኋላም ሰው ሲያያት ጡቷን እንደምትሸፍን ሴት ነጠላዋን ትሰበስባለች። «እማማ! መጣሽ» አለች። «አንቺ» ስትለኝ አልከፋኝም፤ አማርኛዋ እንዲያ ነው፣ ልቧ ግን «እርስዎ» ይላል። ከዚያ ዞር ብላ ተጣራች፤ ልጅቱ የውሃ እንስራ አዝላ መጣች።

በራስ ትበልጣለች። ጠቆር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ እግሯ ምድር የሚጨብጥ። አስካለ ነፋስ የሚወስዳት ልጅ ናት። የወርቄን ዐይን ፈለግኩ፤ ወደ መሬት ደፍታዋለች። ጉልበቴን ስማ በጉራጌኛ አንድ ነገር አለች፤ ዘይነባ «እንኳን ደህና መጣሽ ነው» አለችኝ። ቀሚሱን አወጣሁ። እጅጌው ክርኗ ላይ ቆመ፤ ደረቱ አልገጥም አለ። ልጅቱ እንዳላዝን ትንፋሿን ይዛ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። ክንዷን ስታነሣ ስፌቱ ተተረተረ።

«ወልዴ ልክ ነው» አልኩ በሆዴ። ፊቴን ያየችው ዘይነባ ልጅቱን ጎረቤት ላከቻት።

«እማማ፣ ምን ብለው ላኩሽ?»

አልደበቅኩም። እንዳለ ነገርኳት። ሰማችኝና የራሷን አንገት ነካች።

«ማተቧን አላየሽም? ሲያልቅ እኔ ነኝ የማስፈትለው። እስላም ሆኜ ማተብ አስሬላት ዐሥር ዓመት ጎረቤት ሲስቅብኝ የኖርኩት የሰው ርስት ለመስረቅ ነው? ነይ ተነሽ።»

ቁጣዋ የእኔን ይመስላል። እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ከቤቱ ጀርባ ሁለት እንሰቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱን ሁለት ሰው አያቅፈውም፣ ሌላው የእኔ ወገብ ያህል ነው።

«የሁለቱ እናት አንዲት ናት» አለች። «እንሰት በፍሬ አይዘራም። እናቲቱን ከሥሯ ቆርጠን፣ ልቧን አውጥተን እንቀብራታለን። ከእሷ ብዙ ልጅ ይበቅላል፤ ሁሉም ራሷ ናት። ከዚያ ነጣጥለን እንተክላለን። ይኼን ትልቁን በጊዜው ነቀልኩት። ይኼኛው እኔ ታምሜ አንድ ዓመት እዚያው ተጨናንቆ ቆየ። ከዚያ ወዲህ አፈሩ እኩል ነው፣ ፋንዲያው እኩል ነው። ያቺ ዓመት ግን አለቀቀችውም።»

ትንሹን እንሰት በእጄ ዳሰስኩ።

«እማማ፣ ያቺኛዋ በሕፃንነቷ ምን በላች?»

ይኼን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አስካለ ሁለተኛ ዓመቷን ስትይዝ ውርጩ ገብሳችንን ጠብሶት ነበር፤ ላሚቱም ነጠፈች። ያን ክረምት የገብስ ውሃ ነው ያጠጣኋት። በኋላ ጠገበች፤ ቅቤ በላች፣ ወተት ጠጣች። ቁመቷ ግን ተመልሶ አልመጣም። ወርቄን ተበድላ አገኛታለሁ ብዬ ነበር ዐሥር ዓመት ያለቀስኩላት። የተበደለችው እኔ ቤት ነበረች። ይኼን ሁሉ ለዘይነባ ነገርኳት። ቁጣዋ በረደ፤ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ።

ለእራት ዶሮ ነበረ። እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ አውቃ ቢላዋና ዶሮዋን ይዛ ክርስቲያን ጎረቤት ሄዳ አሳርዳ፣ በእነሱ ድስት አሠርታ አመጣች። እሷና ባሏ ሽምሱ ከዚያ አልቀመሱም፤ ጎመንና አይብ በሉ። ወርቄና እኔ ከአንድ ሳህን በላን። በየበዓሉ ለወርቄ እንዲህ ሲደረግ ነው የኖረው።

እሁድ ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ደጅ ተቀምጬ የምምልበትን ነገር ሳሰላስል ነበር። የዘይነባን ቃል አምናለሁ፤ ማመን ግን መማያ አይሆንም። ጤና መኮንኑም እንሰቱም «ሊሆን ይችላል» ነው ያሉኝ። በ«ሊሆን ይችላል» ማርያም ደጅ አይቆምም።

ወርቄ ከጨለማው ቤት እንስራዋን ይዛ ወጣች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አረፈች፤ ቆመች፣ አፍንጫዋን ሸበሸበች፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች።

«በርበሬው ነው?» አልኩ።

ዘይነባ ከውስጥ ሳቀች። «በርበሬ የታለ? ፀሐይ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምራ ናት፤ ሁለት ብቻ። ሐኪም ቤት ልወስዳት ነበር።»

ባለቤቴ መሪጌታ አርባ ዓመት ሙሉ ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሁለት ጊዜ ያስነጥስ ነበር፤ ካህናቱ «መሪጌታ ወጡ» ይሉ ነበር። ተፈራም እንዲሁ። የበርበሬ ነጋዴ ይህን አያይም። አያ ወልዴ ግን ያውቃል።

ያን ጊዜ የመሪጌታ የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓው፣ ትዝ አለኝ። ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ተጽፈዋል፤ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ። ፊደሉን እኔም አነበዋለሁ፤ ዜማውን የሚያዘው ግን ከላይ ያለው ምልክት ነው። አንዱን ቃል ምልክቱ እዚህ ያስረዝመዋል፣ እዚያ ይቆርጠዋል። ቃሉ ግን ያው ነው። በሁለቱ ልጆች ላይ እግዜር የጻፈው አንድ ቃል ነበር። በአንዷ ላይ የመስቃን ወተት፣ በሌላዋ ላይ የእኔ ቤት ረሃብ ምልክት አደረጉበት። «ይማርሽ፣ ይማርሽ» አልኳት። የምለውን ባታውቅም ሳቀች፤ ስትስቅ ዐይኗን ቀና አደረገች። የተፈራ ዐይን ነው።

ከግድግዳ አስጠግቼ በክሩ ለካኋት። ከአስካለ ቋጠሮ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሁለተኛ ቋጠሮ ቋጠርኩ። ወርቄ የታችኛውን ቋጠሮ በጣቷ ይዛ ዘይነባን አንድ ነገር ጠየቀች።

«‹እስከዚህ ብቻ ናት?› ትላለች» አለችኝ ዘይነባ።

«እስከዚያ ብቻ ናት በያት።»

ወርቄም ቋጠሮውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዐይኗን ጨፍና ቆመች።

ከዚያ ልወስዳት እንደመጣሁ ተናገርኩ። ዘይነባ አላለቀሰችም። «የአንቺ ናት። እንሰት ሲነቀል ይወፍራል፤ ሰው ግን እንሰት አይደለም። እሷን ጠይቂያት» አለች። በዘይነባ አፍ ጠየቅኳት። ወርቄ እኅቷን ማየት እንደምትፈልግ፣ ለጥምቀት ሽምሱ ቢያደርሳት እንደምትመጣ፣ እናቷ ግን ወገቧን ስለሚያማት ውሃ የሚቀዳላት እንደሌለ ነገረችኝ። «እናቴ» ያለችው ዘይነባን ነው። ሁለተኛው ሽንፈቴ ይኼ ነበር። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አንሥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም አልኩ።

ሰኞ ተመለስኩ። የተተረተረውን ቀሚስ ዘይነባ እንድትመልሰው ብትለምናትም ወርቄ አልሰጥም አለች።

ማርያም ደጅ ቆሜ ማልኩ። አያ ወልዴ «ቁመቷስ?» ሲል «ቁመቷን ለእኔ ተወው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ማስነጠሷን ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ፤ «የወንድሜን ነገር አመጣሽብኝ» ብሎ ተቀመጠ። ርስቱ ለሁለት እኩል ተጻፈ።

አስካለ ክሩን ግድግዳው ላይ ሰቅላ አጠገቡ ቆመች። የላይኛውን ቋጠሮ ቀና ብላ አየችው።

«እማማዬ፣ እኔ እዚያ ብቀር ኖሮ ይኼን ያህል እሆን ነበር?»

ለልጅ የሚዋሽ ብዙ ሰው አለ። «አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን እኔን መረጥሽ?»

«አልመረጥኩም። ለበሩ የቀረብሽው አንቺ ነበርሽ።»

አላለቀሰችም። እጇን ወደ ላይኛው ቋጠሮ ዘረጋች፤ ደረሰችበት። «ለጥምቀት ስንት ቀን ቀረ?» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ ከቤት ወጣች፤ ፀሐይዋ አገኘቻትና ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። እኔም ከመደቤ ላይ ሆኜ አራት ጊዜ «ይማርሽ» አልኩ።